ከማጅራት ወደ ግንባር

ሐኪሙ መጀመሪያ ያነሳው መርፌም ምላጭም አይደለም፤ ጥቁር እስክሪብቶ ነው። መስታወት ፊት አስቀምጦኝ አራት ጣቱን ከቅንድቤ በላይ አጋድሞ ለካና ግንባሬ መሐል ላይ ነጥብ አኖረ። ከነጥቡ ተነስቶ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ሸሸት እያለ የሚሄድ መስመር አሰመረ። ድሮ ፀጉሬ ይጀምርበት ከነበረው ቦታ በጣም ከፍ ብሏል።

«ትንሽ ዝቅ አይልም?» አልኩ።

ምን ያህል እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ሁለት ጣት አሳየሁት። አልሳቀም፤ የለመደው ጥያቄ ነው። መስመሩን ሳይነካ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ሲጨርስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፦ «ዛሬ ዝቅ ባደርግልዎ ደስ ይልዎታል። ግን ከዚህ በስተኋላ ያለው የራስዎ ፀጉር መሸሹን አያቆምም። ስልሳ ዓመት ሲሞላዎት ፊት ለፊት የጎረምሳ ፀጉር፣ ከኋላው ባዶ ሜዳ ይዘው ይቀራሉ። ያኔ ባዶውን የምሞላበት ከየት አመጣለሁ? ነው የሚልዎት።» ከራሷም ጨመረችበት፤ «እሺ ይበሉት ጋሼ። ሰውየው እውነቱን ነው።»

ሴትዮዋ የክሊኒኩ ሠራተኛ አይደለችም። ቤይሩት ለዓመታት ሠርታ አሁን ዱባይ የምትኖር፣ እንደኔው ለፀጉሯ ኢስታንቡል የመጣች ታካሚ ናት። የእንግሊዝኛው አስተርጓሚ ሌላ ክፍል ተይዞ የቀረው የዐረብኛው ብቻ ስለነበር፣ የቱርኩ ቃል በዐረብኛ አልፎ በእሷ አማርኛ ነው የደረሰኝ። መስመሩ ባለበት ጸና።

አዲስ አበባ ላይ ራሰ በራ መሆን ነውር አይደለም። የሀብት ምልክት ነው ብለው የሚያጽናኑም አሉ፤ ሀብቱ እስኪመጣ ግን የሚኒባሱ ረዳት «ፋዘር፣ ጠጋ በል» ማለቱን አይተውም። ይህን መስማት የጀመርኩት ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነው። እናቴ ቅቤ አለች። ጓደኛዬ የሽንኩርት ጭማቂ፣ ፀጉር ቆራጬ የጉሎ ዘይት፣ ጎረቤት ሬት አዘዙ። አንዱም አላበቀለም፤ የሽንኩርቱ ሽታ ግን ከትራሴ ለመልቀቅ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ኮፍያ ለመድኩ። ኮፍያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይወልቃል።

ለፀጉር ደንታ የሌለን ሕዝብ አይደለንም። ቁንጮና ጋሜ የልጅ ዕድሜ ሲለይበት፣ ጎፈሬ የጀግና ግርማ ሆኖ ሲታይበት የኖረ አገር ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ ያስረከበው ቅርስ ወርቅም ብራናም አልነበረም፤ መቅደላ ላይ የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ የፀጉር ዘለላ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ስለ ግንባሩ ቢጨነቅ የሚፈረድበት አይመስለኝም።

ኢስታንቡል ውስጥ ደግሞ ፈራጅ የለም። ሺሽሊ በሚባለው ሰፈር ክሊኒኮቹ ተጎራብተው ይገኛሉ። ታክሲም አደባባይና ኢስቲክላል ጎዳና ላይ ጭንቅላታቸው ተላጭቶ ነጠብጣብ ደም የቋጠረ፣ ግንባራቸውን በጥቁር ማሰሪያ የጠፈሩ ወንዶች ይንሸራሸራሉ። ዞሮ የሚያያቸው የለም። አሜሪካ ውስጥ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሊጠየቅበት የሚችለው የፀጉር ንቅለ ተከላ ሕክምና እዚህ ሆቴሉንና ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበያውን ጨምሮ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ባለው ይገኛል። የሊራው መዳከምና የክሊኒኮቹ ፉክክር ዋጋውን አውርዶታል። ያወረደው ሌላም ነገር አለ፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ለመሆኑ ግንባር ሲመለጥ ማጅራት ለምን ይተርፋል? ጃንደረባ ራሰ በራ እንደማይሆን የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ ሳይቀር አስተውሎታል። ነገሩን በማስረጃ ያጸናው ግን አሜሪካዊው የአናቶሚ ተመራማሪ ጄምስ ሃሚልተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ጥናቱ፣ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች ፀጉራቸው እንደማይሸሽ፣ ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው ራሰ በራነት ያለባቸው መመለጥ እንደሚጀምሩ አሳየ። ሆርሞኑ ብቻውን አይበቃም፤ ዘሩም ብቻውን። ቀሪው እንቆቅልሽ የተፈታው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጁሊያን ኢምፔራቶ ማክጊንሊና ባልደረቦቿ ስለ አንድ የገጠር መንደር ወንዶች ጽፈው ነበር። እነዚህ ሰዎች ቴስቶስትሮንን ዲ.ኤች.ቲ. ወደሚባለው ብርቱ ሆርሞን የሚቀይረው ኢንዛይም በውርስ ጎድሏቸዋል፤ አድገውም ፕሮስቴታቸው ትንሽ እንደሆነ ይቀራል፣ ግንባራቸውም አይሸሽም። ዲ.ኤች.ቲ. የግንባርና የአናት ፀጉር ሥሮችን ቀስ በቀስ ያቀጭጫቸዋል፤ ወፍራሙ ፀጉር ሳስቶ ሳስቶ ላባ መስሎ ይቀራል። የማጅራትና ከጆሮ በላይ ያሉት ሥሮች ግን ያው ደም እየጎበኛቸው አይበገሩም።

ሕክምናው የቆመው በዚህ አለመበገር ላይ ነው። የኒውዮርኩ የቆዳ ሐኪም ኖርማን ኦረንትራይክ እ.ኤ.አ. በ1952 ከማጅራት የወሰደውን ፀጉር ግንባር ላይ ተክሎ፣ ፀጉሩ በሄደበት ሁሉ የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ እንደሚኖር አየ፤ በ1959ም አሳተመው። ጃፓናዊው ሾጂ ኦኩዳ ቀድሞት በ1939 ቃጠሎ ፀጉር ላሳጣቸው ራሶች ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር። የጻፈው በጃፓንኛ፣ ጊዜውም የጦርነት ዋዜማ ስለሆነ ምዕራባውያን ሳያዩት ዓመታት አለፉ። የኦረንትራይክ ዘመን ተካዮች በአንድ ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቆዳ ከነፀጉሩ በክብ መብሻ ይቆርጡ ስለነበር፣ ታካሚው ተነጣጥለው የቆሙ ጥቅጥቅ ያሉ ጉቶዎች ግንባሩ ላይ ተሸክሞ ይኖር ነበር። ሙያው ከዚህ የወጣው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ፣ ፀጉር ከቆዳ የሚወጣው ከአንድ እስከ አራት እየሆነ በቡድን መሆኑ በማይክሮስኮፕ ታይቶ በዚያው ቡድን ልክ መትከል ሲጀመር ነው። ዛሬ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከማጅራት ቀጭን የቆዳ ሰቅ ቆርጦ ሰፍቶ ሰቁን መበለት ሲሆን ቀጭን የጠባሳ መስመር ይተዋል። ሁለተኛው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ መብሻ ሥሮቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው። የኔ ሁለተኛው ነበር።

በሁለቱም መንገድ አዲስ ፀጉር አይፈጠርም። ማስታወቂያዎቹ ሊነግሩን የማይፈልጉት ይህን ነው። ከማጅራት የተነቀለው ሥር እዚያው ተመልሶ አይበቅልም፤ አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ በደህና ሊያነሳ የሚችለው በግምት ከ4,000 እስከ 6,000 ግራፍት፣ ማለትም ለመትከል ከነሥሩ የሚነሳ የፀጉር ቡድን፣ ነው፤ ጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ተፈጥሮ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ60 እስከ 90 የሚሆኑ የፀጉር ቡድኖች ታበቅላለች፤ ተካዩ ከ30 እስከ 40 ካደረሰ ጥሩ ሠርቷል። ዓይን የሚታለለው ግማሹ ፀጉር እስኪያልቅ ድረስ መሳሳቱን ስለማያስተውል ነው። ሐኪሙ ሁለት ጣቴን ያልተቀበለው በዚህ ሒሳብ ነው። ግንባሬን በሁለት ጣት ማውረድ ማለት ለአናቴ የሚተርፈውን ዛሬ መብላት ማለት ነበር።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሐኪሙ ሙሉውን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከማጅራቴ ጥቂት ግራፍቶች ለሙከራ ነቅሎ በማጉያ መነጽር አያቸው፤ እኔንም ጠርቶ አሳየኝ። ከቆዳው በላይ የሚጠቀለል ፀጉር ከቆዳው በታችም ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ሥሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። ቀጥ ያለ ፀጉር የለመደ እጅ መብሻውን ከላይ ባየው አቅጣጫ ቢያስገባው ከታች ሥሩን ይበጥሰዋል። የተበጠሰ ሥር ለግንባርም አይሆን፣ ለማጅራትም አይመለስ። ስለዚህ ፀጉራቸው ለሚጠቀለል ወገኖቼ መብሻው ሰፋ ይላል፣ ጥልቀቱ ያንሳል፣ እጁም ዝግ ማለት አለበት። ካሣውም እዚያው ጥቅልሉ ውስጥ ነው፤ አንዱ ፀጉር ተጠምዝዞ ብዙ ቆዳ ስለሚሸፍን፣ ለፈረንጅ 3,000 ግራፍት በሚያስፈልግበት ቦታ ለእኛ ባነሰ ቁጥር ይሸፈናል።

«ጠባሳ ሲወጣብህ ያብጣል?» ሲልም ጠየቀኝ። በክትባትና በቁስል ቦታ ላይ ሥጋ የሚያበቅል ቆዳ ያለው ሰው ይህን ሕክምና ደፍሮ መጀመር የለበትም። በማጅራቱ ላይ ከፀጉር ቤት ምላጭ በኋላ የሚጠጥር እብጠት የሚወጣበትም ቢሆን መጀመሪያ እሱን መታከም አለበት፤ ግራፍቱ የሚነሳው ከዚያው ማጅራት ነውና። ቀደም ብዬ ፎቶ የላክሁለት ሌላ ቦታ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልጠየቀኝም ነበር። ስሙን እንኳ ያልነገረኝ ሰው በዋትስአፕ ወዲያው መልስ ሰጠኝ፦ 4,500 ግራፍት፣ ሆቴል፣ ታክሲ፣ ዛሬ ከከፈልክ ቅናሽ።

ዋጋውን ያወረደው ሌላው ነገር ይኸው ነው። በቱርክ ሕግ ይህ በሐኪም ኃላፊነት የሚሠራ ነው፤ በብዙ ርካሽ ቦታዎች ግን ሐኪሙ ለሰላምታ ብቅ ይልና ከንቅለት እስከ ተከላ ሁሉንም የሚሠሩት ቴክኒሻኖች ናቸው፤ በአንድ ቀን ብዙ ሰው ይስተናገዳል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፀጉር ንቅለ ተከላ ሐኪሞች ማኅበር ፈቃድ በሌላቸው እጆች ላይ ዘመቻ ከከፈተ ቆይቷል። «ገደብ የሌለው ግራፍት» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው በሩቁ ይሽሽ እላለሁ፤ ማጅራት ገደብ አለው፣ ያለ ልክ የተነቀለ ማጅራትም ብል የበላው ሆኖ ይቀራል። እኔ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት የጠየቅሁት ማን እንደሚነቅል፣ ግንባሬ ላይ ቀዳዳውን ማን እንደሚከፍት ነበር። «ቡድናችን» የሚል መልስ የሰጠኝን አለፍኩት።

በዕለቱ ጠዋት ደም ተቀዳ፣ ግፊት ተለካ። አስፕሪንና መጠጥ ቀደም ብዬ አቁሜያለሁ። በአዝራር የሚከፈት ሸሚዝ ልበስ የተባልኩት ለምን እንደሆነ የገባኝ ማታ ነው፤ በአንገት የሚወልቅ ልብስ አዲሱን ግራፍት እየላገ ይወጣል። ጭንቅላቴን በማሽን ላጩት።

ከሕክምናው ሁሉ የሚያመው ማደንዘዣው ራሱ ነው። ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር ተቀላቅሎ ይወጋል፤ አድሬናሊኑ ደም ሥሮቹን አጥብቦ መድማቱን ይቀንሳል፣ ማደንዘዣውንም ቶሎ እንዳይበተን ያቆየዋል። ማጅራት ላይ ጥርስ ነክሶ ይቻላል። ግንባር ላይ ግን ሳላስበው እንባዬ ወረደ። ነርሷ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ መሣሪያ ቅንድቤ አጠገብ ይዛልኝ ነበር፤ ንዝረቱ ሕመሙን ያዘናጋል ይባላል። የእኔን አላዘናጋም።

ከዚያ በኋላ ሕመም የለም፤ ድምፅና መጎተት ብቻ። ለፊት ቀዳዳ ባለው አልጋ ላይ በደረቴ ተኝቼ የወለሉን ንጣፍ እያየሁ ትንሿ ሞተር ከጆሮዬ ኋላ ስታንዝዝ እሰማለሁ። ሐኪሙ ይበሳል፣ አንዲት ልጅ በወረንጦ ታወጣለች፣ ሌላዋ ትቆጥራለች። ባለ አንድ ፀጉሮቹ ለብቻ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስቶቹ ለብቻ እየተለዩ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ሳህን ላይ ይደረደራሉ። ከአካል ወጥተው በቆዩ ቁጥር የመጽደቅ ዕድላቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ዝም ያለ ጥድፊያ አለ። ባለ አንዶቹ ለፊተኛው መስመር ይቀመጣሉ፤ ተፈጥሮ ግንባር ላይ ፀጉርን የምትጀምረው በነጠላ ነው፣ ባለ ሦስት ፊት ለፊት የተተከለበት ሰው ከሩቅ ይታወቃል።

ምሳ የምስር ሾርባ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ ደስ አለኝ፤ ቅቤ ነክቶት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከምሳ በኋላ በጀርባዬ ተኛሁ። ሐኪሙ ስለት ባላት ትንሽ መሣሪያ ግንባሬ ላይ ቀዳዳ ይከፍት ጀመር። ውጤቱን የሚወስነው ይህ ሰዓት ነው፤ ፀጉሩ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ምን ያህል እንደሚጠጋጋ፣ መስመሩ ምን ያህል ወጣ ገባ እንደሚል የሚቆረጠው ያኔ ነው። ፊተኛው ወደ ፊት ጋደም ይላል፣ ጥጉ ላይ ያለው ወደ ታች ይዞራል። አንዳንድ ክሊኒኮች ቀዳዳ መክፈቱንና መትከሉን በአንድ ጊዜ የሚሠራ፣ በቾይ ስም የሚጠራ ኮሪያ ውስጥ የተፈለሰፈ እስክሪብቶ መሰል መትከያ ይጠቀማሉ። የእኔ ሐኪም ለተጠቀለለ ሥር ስለማይመቸው ትቶታል። ከዚያ ሁለቱ ልጆች በወረንጦ አንድ በአንድ ይሰኩ ጀመር፤ ሰዓታት ፈጀ። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ ያሳያል። ቃና ቴሌቪዥን ላይ በአማርኛ ሲጣሉ የለመድኳቸው ዓይነት ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው ሲጣሉ ማየት ግራ ያጋባል፤ ነገሩ ግን ይገባል፤ አማቲቱ ናት።

ሲመሽ ከ2,000 ጥቂት የሚበልጥ ግራፍት ግንባሬ ላይ ነበር።

አስተርጓሚዬ ኮሪደር ላይ ሻዩን ይዛ ጠበቀችኝ። እሷን አልነኳትም። የፀጉሯ ጥግ ጥጉ፣ ጆሮ ግንዷ አካባቢ፣ ከልጅነት ጀምሮ ጥብቅ ተደርጎ ሲሠራ በኖረ ሹሩባና በኋላም ከሻሽ በታች ተወጥሮ በሚታሰር ፀጉር ምክንያት ተገፎ ነበር። ይህ ጉዳት ገና ሲጀምር ቢላላለት ይመለሳል፤ ዓመታት ከዘለቀ ሥሩ በጠባሳ ይዘጋል። ለንቅለ ተከላ ግን የሚመች ነው፤ ምክንያቱ የታወቀ፣ መጎተቱ ሲቆም ጉዳቱም የሚቆም ነውና። ሐኪሙን ያስቆመው አናቷ ነው። መሐል አናቷ ላይ ክብ ሆኖ የሳሳ፣ ሲነካ የሚያቃጥላት፣ ቀዳዳው የጠፋ የሚያብለጨልጭ ቆዳ አገኘ። የአፍሪካ ዘር ባላቸው ሴቶች ላይ የሚበዛ፣ ከአናት ተነስቶ ወደ ዳር የሚሰፋና ሥሩን በጠባሳ የሚያጠፋ በሽታ አለ። በሽታው እየነደደ ባለበት ቆዳ ላይ መትከል የተተከለውንም ማስበላት ነው። ናሙና ሳይመረመር እጄን አላነሳም አላት።

«ዱባይ ሆኜ ፎቶ ስልክላቸው እኮ ሁሉም ‹ነይ› ነው ያሉኝ» አለችኝ፤ «ይሄኛው ብቻ ነው መልሶ የሚልከኝ።» ተናዳ ነበር። እኔ ግን ሐኪሙን ይበልጥ ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

የሚቀጥሉት ሌሊቶች ጀርባን ደግፎ፣ ቀና ብሎ፣ አንገትን በትራስ አስሮ መተኛት ናቸው። ጨዋማ ውኃ በየጊዜው ይረጫል። ግንባር ላይ የተወጋው ፈሳሽ በሦስተኛው ቀን ገደማ ወደ ታች ይወርድና ዓይን ያሳብጣል፤ መስታወት ሳይ የቡጢ ሻምፒዮና የተሸነፈ ሰው አየሁ። አገር ቤት ስገባ የሚያስቸግረኝ ፀሐዩ መስሎኝ ነበር፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና የምታወርደው ጨረር ለአዲስ ጠባሳ አይበጅም። ያላሰብኩት የንስሐ አባቴን መስቀል ነው። ሊያሳልሙኝ ግንባሬን ሲፈልጉ ጉንጬን ሰጠኋቸው። አዩኝ፣ ኮፍያዬን አዩ፣ ምንም አላሉም።

ቅርፊቱ አሥር ቀን ገደማ ሲሆነው ረገፈ። ከዚያ ማንም ቢነግረው ሰው የማያምነው ነገር መጣ፤ የተተከለው ፀጉር ራሱ መርገፍ ጀመረ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሥሩ ከመነቀሉ ድንጋጤ የተነሳ የያዘውን ፀጉር ጥሎ ያንቀላፋል። ሥሩ አለ፣ ፀጉሩ የለም። ገንዘብ ከፍሎ ከነበረበት የባሰ ተመልጦ ለወራት መዞር ነው። ቀጭኑና ሸካራው የመጀመሪያ ፀጉር ብቅ የሚለው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ነው፤ ሐኪሞች ውጤቱን የሚመዝኑት ዓመት ሲሞላው ነው። የእኔ ሳሳ ብሎ ጀመረ፣ እየተጠቀለለ ሞላ። መስመሩ ሐኪሙ ያሰመረበት ቦታ ላይ ነው። ዝቅ አላለም፤ አሁን ዝቅ እንዲልም አልፈልግም።

ከመስመሩ በስተኋላ ያለው ያልተተከለ ፀጉሬ ግን ዛሬም ለዲ.ኤች.ቲ. የተጋለጠ ነው። ለእሱ በየቀኑ 1 ሚሊ ግራም ፊናስትራይድ እወስዳለሁ። ከዶሚኒካኖቹ መንደር ታሪክ የተወለደ መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሮስቴት፣ በ1997 ለፀጉር በአሜሪካ ተፈቀደ። ጥቂት ሰዎች ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ስሜትም ያጨልማል፤ ነፍሰ ጡር ሴት የተሰባበረውን ክኒን በእጇ እንኳ መንካት የለባትም። ሚኖክሲዲል የሚባለው ቅባትም አለ፤ የደም ግፊት መድኃኒት ሆኖ ሲሰጥ በሽተኞቹን ፀጉር አብቅሎባቸው ነው ወደዚህ ሥራ የዞረው። ሁለቱም ሲቆሙ ያቆዩት ፀጉር ይሄዳል። ንቅለ ተከላ የአንድ ቀን ሥራ ነው የሚሉን ሰዎች ስለ ክኒኑ አያነሱም።

ከአስተርጓሚዬ ጋር እስካሁን እንደዋወላለን። የናሙናው ውጤት ሐኪሙ የጠረጠረውን አረጋገጠ፤ የቆዳ ሐኪሟ አናቷ ላይ የስቴሮይድ መርፌና እብጠቱን የሚያበርድ አንቲባዮቲክ ጀመረችላት። ሹሩባ ትታለች። በሽታው ለአንድ ዓመት ያህል ጸጥ ካለ ሐኪሙ አናቷን ሁሉ ሳይሆን ጥቂት ግራፍቶችን ብቻ ለሙከራ ሊተክልላት፣ እነሱ ከጸደቁ ወደ ዋናው ሊያልፍ ተስማምተዋል። «በፎቶ ያዩኝ ሌሎቹ እስካሁን ይጽፉልኛል» አለችኝ ባለፈው፤ «ቅናሹ አሁንም አላለቀም።»